34 ቁጥር ቱቦ የማን ነው? የ72 ቲቢ ናሙናዎች የጂኖም ሥራ ማስታወሻ

ጥር 5፣ 2017

ዛሬ ዳታው መጣ። መጣ ስል ሊንኩ ነው የመጣው፣ ዳታው ራሱ ገና ባህር ማዶ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። 72 የቲቢ ናሙና ነው፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ከአዲስ አበባና ከሰሜን የተሰበሰበ። ካልቸሩንም (ባክቴሪያውን ማሳደጉን) ዲኤንኤ ማውጣቱንም እዚሁ ላብ ሰርተን ሲኩዌንሲንጉን (የዲኤንኤውን ፊደሎች በማሽን ማንበቡን) አብረውን የሚሰሩ ሰዎች ውጭ አሰሩልን። ማሽኑ ኢሉሚና ስለሆነ ለአንድ ናሙና ሁለት ሁለት ፋይል ነው፣ ድምር 144 ፋስትኪው (ጥሬ ንባቡ ያለበት ፋይል)፣ ታምቆ 17 ጊጋ ገደማ። የሰው ጂኖም ለሚሰራ ሰው ይሄ ቁርስም አይሆነው። የቲቢ ጂኖም 4.4 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው፣ የሰው ወደ 3 ቢሊዮን፣ ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ባለው ዴስክቶፓችን ይሰራል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ዶክተር «ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?» ሲሉኝ ሁለት ሳምንት አልኩ። ይቺን ማስታወሻ የጀመርኩት ሁለት ሳምንቷ የት እንደገባች በኋላ ስጠየቅ የማሳየው ነገር እንዲኖረኝ ነው።

ጥር 6

ማውረድ። ብራውዘር ላይ ተጭኖ ማውረድ የሚባል ነገር እንዳታስቡት፣ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል። ደብልዩጌት የሚባለውን ማውረጃ በዳሽ ሲ (-c) ነው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ኔቱ ሌሊት ፈጠን ስለሚል ማታ ለቅቄው ወጣሁ።

ጥር 7

ጠዋት ስገባ ከ144ቱ 51 ወርዷል። ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ፣ ስመለስም 51 ነው።

ጥር 9

144ቱም ገባ። ግን ወረደ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፣ እያንዳንዱ ፋይል አብሮት የተላከ የኤምዲ5 ቁጥር (የፋይሉ አሻራ በሉት) አለው፣ እሱን ማመሳከር የግድ ነው። ሦስቱ አልገጠሙም። ሁለቱ መጠናቸው አነስ ስለሚል ያስታውቃሉ። ሦስተኛው ግን መጠኑ ልክ፣ ስም ልክ፣ ከፍቼ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሳይ ሪዶቹ (ማሽኑ ያነበባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ቁጭ ብለዋል፣ የተበላሸው መሃሉ ላይ ነው። ይሄን ባላይ ኖሮ ከሳምንት በኋላ የሆነ ፕሮግራም ላይ ይፈነዳና ጥፋቱን ፕሮግራሙ ላይ ለጥፌ ሁለት ቀን እፈልግ ነበር። ሦስቱንም ደግሜ አወረድኩ፣ ገጠሙ። ኦሪጅናሉን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ፎልደሩን ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ እንዳይቻል ዘጋሁት፣ ከራሴ ጭምር።

ጥር 13

ጥምቀት አልፎ ተመለስን። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኮንዳ፣ ፕሮግራም መጫኛው። «ሶልቪንግ ኢንቫይሮንመንት» የምትለው ጽሁፍ 40 ደቂቃ ስትሽከረከር አይቻለሁ፣ ሁሉንም ፕሮግራም አንድ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ልከት ማለቴ ነው ጥፋቱ፣ አንዱ የቆየ ፓይተን ይፈልጋል ሌላው አዲስ ይፈልጋል ከዛ ይጣላሉ። ለእያንዳንዱ የራሱን ቤት ሰጥቼ ማምባ በሚባለው ፈጣን መጫኛ ስጭን ምሳ ሳይደርስ አለቀ። የእያንዳንዱን ቨርዥን ጻፍኩ። ይሄ አሁን ትርፍ ሥራ ይመስላል።

ጥር 18

ማፒንግ ጀመርኩ። ሪዶቹን ቢደብልዩኤ በሚባለው ፕሮግራም ሪፈረንሱ ላይ እያስተኛን ነው። ሪፈረንሱ (ማነጻጸሪያው ጂኖም) ኤች37አርቪ ነው፣ ጂኖሙ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 4,411,532 ፊደል። ቀላል ሉፕ ጻፍኩ፣ ናሙናው ከዚህ በፊት ተሰርቶ ውጤቱ ካለ ዝለለው፣ ከሌለ ስራው። ብልጥ ነኝ ብዬ። 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱ 12 ደቂቃ ያህል ያዘና እሱም ሄደ። ማታ ሲመጣ ሉፑን እንደገና ለቀቅኩት፣ ካቆመበት ቀጠለ፣ ሰላም።

ጥር 20

ሰላም አልነበረም። ባም ፋይሎቹ (የማፒንጉ ውጤቶች) 72 ሆነዋል ግን 19ኛው ከሌሎቹ ግማሽ ነው የሚያክለው። መብራት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው እሱ ነው። ፋይሉ ስላለ ብልጡ ሉፔ «ተሰርቷል» ብሎ ዘሎታል። ጉዱ ደግሞ ፋይሉ ሲከፈት ይከፈታል፣ ሪድ አለው፣ ግማሹ ጂኖም ላይ ቫሪያንትም (ከሪፈረንሱ የተለየ ፊደል) ይሰጣል። ባም ፋይል በደንብ ሲዘጋ መጨረሻው ላይ 28 ባይት የምታክል ባዶ ማህተም አለችው፣ ማህተሟ ከሌለች ተቆርጧል ማለት ነው፣ ሳምቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኩዊክቼክ የሚባለው ትዕዛዝ በሰከንድ ይነግርሃል። ከአሁን በኋላ ውጤቱ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፣ ኩዊክቼክ ካለፈ ብቻ ትክክለኛ ስሙ ይሰጠዋል። በዛው ነገሩን ሁሉ ስኔክሜክ ወደሚባለው ሥራ አስኬጅ ፕሮግራም አዞርኩት፣ እሱ ያልተጨረሰ ሥራን ራሱ ይመዘግባል። ሁለት ቀን ፈጀ፣ ግን ከዛ በኋላ መብራት አራት ጊዜ ጠፍቶ አንድም ቀን አልተናደድኩም (በዚህ ጉዳይ)።

ጥር 27

አሁን ወደ ዋናው መከራ። ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ናሙናዎቹ የተመዘገበው መረጃ።

ኤክሴሉ በኢሜይል መጣ። 72 ረድፍ፣ የናሙና ኮድ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጂን ኤክስፐርት (ቲቢንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋሙን የሚያሳይ ፈጣን ምርመራ) ውጤት። በአንድ ከሰዓት ይጸዳል ብዬ ነበር። ኮዱ የጤና ጣቢያው ቁጥር፣ ከዛ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዛ ተራ ቁጥር ነው። ፊደሏ ኢ የሆነችባቸው ሰባት ናሙናዎች አሉ። 3 ከዛ ኢ ከዛ 07 ብለህ ስትጽፍ ኤክሴል እንደ ሂሳብ ቁጥር ያነበዋል፣ 3 ሲባዛ በ10 ሚሊዮን። ስለዚህ አንድ የወልዲያ በሽተኛ ስሙ 30,000,000 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይሄ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በወር ስም የሚጠሩ የሰው ጂኖች ነበሩ፣ ማርች 1፣ ሴፕት 1 ምናምን፣ ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየረ ሲያስቸግር በ2020 እ.ኤ.አ. የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በመጨረሻ የጂኖቹን ስም ለወጠ። ኤክሴልን ከማስተካከል የሰውን ጂን ስም መቀየር ቀለለ ማለት ነው።

ሌላው፣ ፋይሉ ከዊንዶውስ ስለመጣ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የማትታይ ምልክት አለች። ስክሪፕቴ ፋይል የለም ይላል፣ እኔ ፋይሉን እያየሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከማሽን ጋር አለ የለም ተጨቃጨቅን።

ጥር 29

የቦታ ስም። አንድ ከተማ ስንት ዓይነት ይጻፋል? ባህር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ ባህርዳር፣ ባ/ዳር። ጎንደር እና ጐንደር። ወልዲያ፣ ወልድያ። ለኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ ዝምድና የላቸውም፣ ስለዚህ ቦታዎቹን ሳስቆጥረው 11 ከተማ መሆን የነበረበት 26 አለኝ። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ጐን ወደ ጎ የምትመልስ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ (የግዕዝ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ) ወደ 15 ወረደ፣ የቀረውን በእጄ። ያቺ በምህጻረ ቃል የምንጠቀማት እዝባር (/) ደግሞ ሊኑክስ ላይ የፎልደር መለያ ናት፣ ውጤት በቦታ ስም ሴቭ ላርግ ስል «ደ/ብርሃን» የሚለው «ደ» የሚባል ፎልደር ፈልጎ አጣ። አንዱ ረድፍ ላይ ደግሞ «ደብረ» ብቻ ተብሎ ቀርቷል። ደብረ ምን? ሲስተር ጋ ደወልኩ፣ ያኔ ናሙና ስትሰበስብ የነበረችው እሷ ናት፣ «በዛ ቀን እኔ ደብረ ታቦር ነበርኩ እህቴ» አለችኝ ሳታመነታ። እንደዚህ ያለ ዳታቤዝ የለም።

የካቲት 3

ቀኑ። ቀኑን ብቻ ለብቻው እጽፈዋለሁ ምክንያቱም የሚያሳብድ ነው።

ኤክሴሉ ላይ የቀን ዓምዱን ሳየው ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። ይሄ ውበት አይደለም። ወደ ግራ የተጠጋው ኤክሴል ጽሁፍ ነው ብሎ የተወው ነው፣ ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ነው ብሎ የተረጎመው። እኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለን ነው የምንጽፈው፣ የተጻፈበት ኮምፒውተር ግን ቅንብሩ የአሜሪካ ነው፣ ወር ይቀድማል። ስለዚህ የካቲት 5፣ 2014 ተብሎ የገባው 05/06/2014 ሜይ 6 ሆኗል። ጥቅምት 30 ማለትም 30/02/2014 ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ በጽሁፍነቱ ተርፏል። የምወዳት ግን ጳጉሜን ናት፣ ጳጉሜ 3 ማለት 03/13/2014 ነው፣ 13ኛ ወር አላቸው ብሎ የሚጠብቅ የለም፣ ኤክሴል ደስ ብሎት ማርች 13 አደረጋት። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 8፣ 2022 ነው። በስምንት ዓመት ተኩል ሳትን ማለት ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን። ከ72ቱ 18ቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፉት፣ ሌላ ሰው ሲያስገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱ አቆጣጠሮች በሰባት ስምንት ዓመት ስለሚለያዩ ዓመቱ 2014 ወይ 2015 ከሆነ የኛ፣ ከ2021 እስከ 2023 ከሆነ የእነሱ ብሎ መለየት ይቻላል፣ ልዩነቱ አንድ ዓመት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስራ ለቅቄ ነበር። ኤክሴል የቀየራቸውን ወርና ቀን መልሼ አገላብጬ፣ ከዛ የኛን ወደ እነሱ የሚለውጥ ስክሪፕት፣ ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት ጨምሮ (2015 እንደዛ ነው፣ ለዛ ነው የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው)። ሃያውን በዘፈቀደ አውጥቼ ከወረቀት መዝገቡ ጋር አስተያየሁ፣ ሃያውም ልክ። ከዛ በኋላ ጥሬውን ኤክሴል ማንም እንዳይነካው ቆልፌ ማስተካከያው ሁሉ በስክሪፕት ብቻ እንዲሆን አደረግኩ።

ዶክተር «እስካሁን ምን ውጤት አለ?» አሉኝ። ቀን አስተካከልኩ አልኳቸው። አዩኝ።

የካቲት 8

የጥራት ቁጥጥር። ክራከን 2 ሮጠ፣ ሪዶቹ የማን እንደሆኑ የሚለይ ነው። ሙሉ ዳታቤዙ የኛ ራም ላይ አይሞከርም፣ ወደ 8 ጊጋ የተቀነሰውን ተጠቀምኩ፣ ለዚህ ይበቃል። 63 ቁጥር ቲቢ አይደለም፣ ሌላ ማይኮባክቴሪየም ነው፣ ወጣ። 11 እና 58 ደግሞ ሽፋናቸው (እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ የተነበበበት ጊዜ) ከ20 እጥፍ በታች ነው፣ ወጡ። 69 ቀሩ።

የካቲት 14

ቲቢ ፕሮፋይለር ጨረሰ፣ የመድኃኒት መላመድና የዘር ሐረግ ያወጣል። ብዙዎቹ 4ኛው ሐረግ፣ ቀጥሎ 3ኛው፣ ይሄ ከሚጠበቀው ጋር ይሄዳል። ሦስት ደግሞ 7ኛው ሐረግ ናቸው። ይሄ ሐረግ በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በወጡ ጥናቶች ነው የታወቀው፣ ከኢትዮጵያ፣ በተለይ ከሰሜን፣ ወልዲያ አካባቢ፣ ከዚህና ከዚህ ከሄዱ ሰዎች ውጭ እምብዛም አይገኝም። ስክሪኑ ላይ ሳየው የሆነ የአገር ልጅ ውጭ አገር ታክሲ ውስጥ የማግኘት ስሜት አለው፣ በሽታ መሆኑን ትንሽ ቆይቼ ነው ያስታወስኩት።

ከሰዓት ጭቅጭቅ ነበር። የላብ ልጆች በድሮ ዘዴ የሰሩት ሪፖርት ሪፋምፒሲን የሚቋቋሙት ናሙናዎች ሚውቴሽን 531 ላይ ነው ይላል፣ የኔ ውጤት 450 ላይ ነው ይላል። «ያንቺ ፕሮግራም ተሳስቷል» ተባለ። አልተሳሳተም እነሱም አልተሳሳቱም። አርፒኦቢ የሚባለው ጂን ላይ የድሮው አቆጣጠር ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተዋሰ ነው፣ አዲሱ በራሱ በቲቢ ነው፣ ልዩነቱ 81። 531 ሲቀነስ 81 ያው 450፣ ሰሪን የሚባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሉሲን። 526ቱም 445 ነው፣ 516ቱም 435። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እንግዲህ ቀኑም ሁለት አቆጣጠር፣ ሚውቴሽኑም ሁለት አቆጣጠር፣ ሰዓቱም እንደምታውቁት።

ሌላ ደግሞ፣ አምና በ10 ናሙና የሙከራ ሥራ ሰርተን ነበር፣ አንዱ ናሙና ያኔ ለአንድ መድኃኒት «አይታወቅም» የተባለው ዘንድሮ «ይቋቋማል» ሆነ። ባክቴሪያው አልተቀየረም፣ ፕሮግራሙ የሚያመሳክርበት ዝርዝር ነው የታደሰው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚውቴሽን ካታሎጉን በ2021 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2023 ሁለተኛውን እትም አወጣ። ጥር 13 ቀን ቨርዥን ስጽፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል ብዬ ነበር። ትርፍ አይደለም።

የካቲት 20

አሁን የናሙናዎቹን ርቀት አወጣሁ፣ ማለትም ማንኛውም ሁለት ናሙና በስንት ፊደል እንደሚለያይ። መጀመሪያ ያወጣሁት ጉድ ነበር፣ ከአንድ ቤተሰብ የመጡ ሁለት ሰዎች በ38 ፊደል ተለያዩ። ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉትን ጂኖች ሳልሸፍን ነው የሮጥኩት፣ እነሱ ራሳቸውን የሚደጋግሙ ናቸው፣ የጂኖሙን 10 በመቶ ያህል ይይዛሉ፣ አጭር ሪድ እዛ ሲደርስ የቱ ጋ እንደሚተኛ አያውቅም፣ የሌለ ሚውቴሽን ይፈጥራል። ሸፍኜ ደገምኩት፣ የቤተሰቡ 38 ወደ 2 ወረደ። ይሄ ነው ልክ።

ከዛ ሰንጠረዡ መሃል አንድ ዜሮ አየሁ። 33 እና 34። ዜሮ። የቲቢ ባክቴሪያ በዓመት ግማሽ ፊደል ገደማ ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ እስከ 5 ድረስ ከሆነ የቅርብ መተላለፍ ነው ይባላል፣ ከ12 ካለፈ አይገናኙም (መነሻው እንግሊዝ አገር የተሰራና በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው)። 33 የአዲስ አበባ ሰው፣ 34 የጎንደር፣ በመንገድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር። ዶክተር ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩና «ይሄማ ራሱን የቻለ ፔፐር ነው! የረጅም ርቀት መኪና ሹፌር ይሆናል» አሉ። ደስ አላቸው፣ ከስንት ቀን በኋላ።

እኔ ግን ቁጥሩ ነው ያልተመቸኝ። 33 እና 34። ከ69 ናሙና ውስጥ ዜሮ የሆኑት ሁለቱ ለምን ጎረቤት ይሆናሉ?

የካቲት 22

ሁዳዴ ስለገባ ካፌው ውስጥ ሽሮ ብቻ ነው፣ እሱን በልቼ ከሰዓቱን በሙሉ ሁለቱን ሳመሳክር ዋልኩ። 34 በመዝገብ ላይ የጂን ኤክስፐርት ውጤቱ ሪፋምፒሲን የማይቋቋም ነው፣ ጂኖሙም አይቋቋምም ይላል። ገጠመ። ስለዚህ ቅልቅል የለም ልል ነበር። ከዛ ወደ ታች ወረድኩ። 36 በመዝገብ ይቋቋማል፣ በጂኖም አይቋቋምም። 37 በመዝገብ አይቋቋምም፣ በጂኖም ይቋቋማል። 39 በመዝገብ ይቋቋማል፣ በጂኖም የለም። 40 በመዝገብ የለም፣ በጂኖም አለ።

እጄ ላይ ሻይ ይዤ ነበር፣ አስቀመጥኩት።

36 ወደ 37። 39 ወደ 40። አንድ አንድ ተንሸራተዋል። አንዱን ለማጣራት የድሮ የስፖሊጎታይፒንግ ውጤት ያላቸውን ፈለግኩ፣ እሱ 43 ነጥብ ላይ አለ ወይ የለም የሚል ባርኮድ ነገር ነው፣ ከጂኖሙም ሊወጣ ይችላል። በዛ መዝገብ 7ኛው ሐረግ 38 ነው። በኔ ጂኖም 39 ነው። ባርኮዱ 43ቱም ነጥብ ላይ አንድ ነው።

ናሙናዎቹ ለሲኩዌንሲንግ የተላኩበት ፕሌት (ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የላብ ሳህን) በአንድ ዓምድ 8 ጉድጓድ አለው። 33 የ5ኛው ዓምድ አናት ነው፣ 40 የ5ኛው ዓምድ ጭራ። ከ41 ጀምሮ ሁሉም ይገጥማል። ስለዚህ የሆነው 5ኛው ዓምድ ላይ ብቻ ነው፣ 33 ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ከዛ ሁሉም በአንድ ወደ ታች ወርዷል፣ እውነተኛው 40 ፕሌቱ ላይ ጭራሽ የለም። የጎንደሩ ሰው የሚባለው 34 ያው የአዲስ አበባው ሰው ነው፣ ሹፌርም መኪናም የለም።

የካቲት 24

ዛሬ ሰኞ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ፕሌቱን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፣ ላቡ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የቆዩ፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። እዚህ ቤት «ቱቦ ተሳስቷል» ማለት ሰውየውን ሌባ እንደማለት ነው የሚወሰደው፣ ለዛም ነው ብዙ ሰው ስሙን ቀይሮ ዝም የሚለው። እኔም ቅዳሜ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፋይሎቹን ስማቸውን አንድ አንድ ወደ ላይ ብመልሳቸው ማን ያውቃል ብዬ አስቤያለሁ፣ እዚህ ላይ ልጻፈው። ሂሳቡ ይገጥማል እኮ። ግን ይገጥማል ያልኩት አራት ናሙና ላይ ማስረጃ ስላለኝ ነው፣ 35ን በተመለከተ ምንም የለኝም፣ ግምት ነው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና መሳቢያቸውን ስበው ሰማያዊ ደብተራቸውን አወጡ። ቀኑን ፈለጉ። በእሳቸው ቁልቁል በሚጫን የእጅ ጽሁፍ እንዲህ ይላል፦ «5፡40 መብራት ጠፋ። 7፡15 መጣ። ከ5ኛ ዓምድ ቀጥያለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩት። «33ን ሳልሰጠው ነው የጠፋው ብዬ ነበር» አሉ። «የምሰራበት የላብ ካቢኔም ጨለመ። ስመለስ ከ33 ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቱቦ ተርፎኝ ነበር አሁን ሲገባኝ፣ ጉድጓዱ ሞልቷል፣ 6ኛውን ዓምድ ከአዲስ መደርደሪያ ነው የወሰድኩት።»

ከዛ ተነስተው «ነይ አንቺ ልጅ» ብለው ወደ ፍሪዘሩ ሄዱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ስድስት ሳምንት ተቀብሬ ነገሩ ፍሪዘር ውስጥ እንዳለ ረስቼዋለሁ። ቱቦዎቹ ሲሞሉ ሁሉም 50 ማይክሮ ሊትር ነበሩ፣ ለፕሌቱ ከእያንዳንዱ 20 ተወስዷል፣ ስለዚህ 30 መቅረት አለበት። ከ33 እስከ 40 ያሉትን አውጥተው በረዶ ላይ አቀለጧቸው፣ በሴንትሪፊዩጅ ወደ ታች አወረዱ፣ ብርሃን ላይ ጎን ለጎን ያዟቸው። መለኪያ ሳያስፈልግ በዓይን ያስታውቃል። ስድስቱ እኩል ናቸው። 33 ጭራው ላይ ጠብ ያለች ነገር ብቻ አለችው፣ 40 አፉ ድረስ ባይሆንም ከሁሉም በላይ ነው። በፒፔት ለኩ፦ 33፣ 10 ገደማ። 40፣ 50 ሊሞላ ምንም አልቀረው። የተቀሩት 29፣ 30።

«ይኸው» አሉ ጋሼ። እኔ ስድስት ሳምንት፣ ክራከን፣ ስኔክሜክ፣ የርቀት ሰንጠረዥ፣ እሳቸው አንድ ቱቦ ወደ ብርሃን አንስተው።

የካቲት 26

ዶክተር ጋ ሁለታችንም ገባን። ጋሼ ራሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ደብተሩን ብቻ ያዝኩ። ዶክተር ለትንሽ ጊዜ ምንም አላሉም፣ የሚያዝኑት ለፔፐሩ ይሁን ለሰውየው አላውቅም። ከዛ ሦስት ነገር ተወሰነ። ከ34 እስከ 40 ያሉት ሰባቱ ከትንተናው ይወጣሉ፣ ስማቸው በግምት አይቀየርም፣ 62 ይቀራሉ። ሰባቱ ከቱቦው እንደገና ተወስደው ይላካሉ። የመጀመሪያው የተሳሳተው ዳታ አይጠፋም፣ ለብቻ ፎልደር ውስጥ ምን እንደሆነ ከሚገልጽ ጽሁፍ ጋር ይቀመጣል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው 35 ከአዲሱ 34 ጋር ዜሮ ከሆነ ያኔ መንሸራተቱ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ የባዮኢንፎርማቲክስ ትምህርት የሚፈልጉ ልጆች የትኛውን ቋንቋ ልማር፣ ፓይተን ወይስ አር፣ እያሉ ይጠይቁኛል። ወይ ጉድ። ሁለቱንም ተማሩ፣ ከዛ ግን የጂን ኤክስፐርቱን መዝገብ ከጂኖሙ ጋር በየናሙናው የምታመሳክር አሥር መስመር ስክሪፕት የመጀመሪያ ቀን ጻፉ፣ እኔ የካቲት 22 ላይ ያደረግኩትን ጥር 27 ላይ ባደርገው ኖሮ ማለት ነው። አሁን ስክሪፕቷ ፓይፕላይኑ (የትንተናው ሰንሰለት) ውስጥ ገብታለች፣ ሁለት ካልገጠሙ ቀይ ታበራለች፣ አጎራባች ቁጥሮች በተከታታይ ካልገጠሙ ደግሞ ሥራውን ታቆማለች።

መጋቢት 4

62ቱ ከመጀመሪያው እንደገና ሮጡ፣ ሌሊቱን በሙሉ፣ አንድ መብራት ጥፋት፣ ያለ ምንም ችግር። አምስት ክላስተር (በጂኖም የሚቀራረቡ ናሙናዎች ቡድን) አለን፣ ትልቁ አራት ሰው፣ ሁሉም ከአንድ ወረዳ። ይሄኛውን አምነዋለሁ፣ ቁጥራቸው 6፣ 22፣ 47 እና 70 ነው፣ ፕሌቱ ላይ ማንም ከማንም አይጎራበትም።

መጋቢት 9

ሰባቱን ለመላክ አዲስ ፕሌት አዘጋጀን። በዚህኛው ዙር ለሁለት ነው፣ ጋሼ የቱቦውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ጉድጓዱን ጮክ ብዬ እመልሳለሁና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ቱቦው ከገባ በኋላ ወደ ሌላ መደርደሪያ ይዛወራል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም። እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ ነው የሚመስለው፣ አንዷ የላብ ልጅ በር ላይ ቆማ ሳቀችብን። 34 አልን፣ ኤ1 አልን። 35፣ ቢ1።

36 ላይ ጋሼ ፒፔቱን ይዘው ቆሙ።

«ጀነሬተሩ ናፍጣ አለው?»

አለው አልኳቸው፣ ጠዋት አይቻለሁ።

«36» አሉ።